ቆጣሪያችን የተቀየረበት ክረምት

ሰኞ

ዛሬ ከመብራት መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት መጣች። ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ ወገቧ ላይ የመፍቻ ቀበቶ ታጥቃለች። በሩን ደብድባ ስከፍትላት «እናቴ፣ የሰፈሩ ቆጣሪ ሁሉ ሊቀየር ነው። ክረምቱ ሳይወጣ እንጨርሳለን» አለችኝ።

«በምን ይቀየራል?»

«በስማርት።»

«ስማርት ምንድን ነው?»

«ብልጥ ነዋ! ራሱ ያነባል፣ ራሱ ይልካል። ከእንግዲህ ሰው በየበሩ አይዞርም።»

ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ይሰማ ነበር። እሱ ዕድሜውን ሙሉ በየበሩ እየዞረ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቅር ይለዋል ብዬ ስሠጋ «እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ፤ ውሻ አይነክስሽማ» አላት። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። እኔ የሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቶብኛልና ሌላ ቀን ይምጡ አልኩ። ቁልፉ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። መዋሸት አልወድም። ይህን ማዘግየት እንበለው።

ማክሰኞ

በችኮላ። ሲዘንብ አደረ። እሱ ገና ሳይነጋ በረንዳ ላይ ነው። ሹራቡን ገልብጦ ለብሷል፤ አስተካከልኩለት። በጨለማ የሚለብስ ሰው ሁሉ ይሳሳታል።

ማክሰኞ ማታ

ጠዋት የጀመርኩትን ልጨርስ። ባለቤቴ በየማለዳው ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ወጥቶ ቆጣሪው ሥር ይቆማል። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። በመስተዋቱ ውስጥ የምትሽከረከረውን ክብ ብረት ትኩር ብሎ ያያል። «ልጅቱ እየዞረች ነው» ይላል፤ ብረቷን ልጅቱ ማለት ከወጣትነቱ የያዘው ቀልድ ነው። ከዚያ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከዚያ በኋላ ቁርሱን ይበላል። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲበረታ «ዛሬስ ተወው» ብዬ በሩን ብዘጋበት እስከ ምሳ ድረስ ከክፍል ክፍል ሲንቆራጠጥ ዋለ። የልማድ ጉዳይ ነው። ጡረተኛ ሁሉ የራሱ ልማድ አለው።

በሥራ ዘመኑ ማታ ማታ ያነበበውን እየነገረኝ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት የምገለብጥለት እኔ ነበርኩ። አንዲት ቁጥር ካጠራጠረችኝ አልጽፍም፤ በማግስቱ ተመልሶ አይቶ ይመጣል። «የኔታ፣ ለባልሽ እንኳ አታልፊም?» ይለኝ ነበር። አላልፍም። በሒሳብ መምህርነት ዘመኔ ለተሳሳተ መልስ «ልክ» ብዬ አላውቅም። የሰፈር ልጆች ማስመሪያ የሚል ስም ያወጡልኝ ያለ ምክንያት አይደለም።

ዓርብ

ልጄ ከመድኃኒት ቤቷ ቀጥታ መጣች። ቁልፍ ጠፋ ማለቴን ሰምታለች። በዚህ ሰፈር ወሬ እግር አለው።

«እማዬ፣ እኛ ቤት ከገባ ቆየ እኮ። ነይ እይ» ብላ ስልኳን አሳየችኝ። ስልኩ ላይ ኮረብታና ሸለቆ የሚመስል ሥዕል አለ። «ይህ ተራራ ካውያ ነው። ይቺ ጉብታ ደግሞ ባሌ በሌሊት ተነሥቶ ምግብ ሲያሞቅ። ካደ፤ አሳየሁት!» ትስቃለች።

«በየቀኑ ያሳያል?»

«በየሩብ ሰዓቱ! የእናንተንም እኔ ስልክ ላይ እናደርገዋለን። ምድጃ ተረስቶ ቢቆይ እንኳ ይደውልልኛል። ሐሳቤን ይጥልልኛል፣ እማዬ።»

ለልጅ የሚመች ነገር ሁሉ ለእናት ይመቻል ማለት አይደለም። የለም አልኳት። ለምን ስትለኝ «ቤቴ እንጂ ሱቅ አይደለም» አልኳት። አባቷ በዚህ መሐል ገብቶ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠየቃት። «አባዬ ደግሞ፣ እንደ ልጅ እኮ ነው የምታየኝ!» ብላ አቀፈችው። ቀልደኛ ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ነበር።

እሑድ

በትምህርት ቤታችን ክርክር ሲኖር መጀመሪያ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ በቅንነት እንድናቀርብ ያስገድዱን ነበር። እንግዲህ በቅንነት ላቅርበው። አዲሱ ቆጣሪ በግምት አያስከፍልም። መሥመር ሲበጠስ ማንም ሳይጮህ መሥሪያ ቤቱ ያውቃል። ጎረቤቴ ዳቦ ጋጋሪው የትኛው ምድጃው ብዙ እንደሚበላ ደርሶበት በጣም ተደስቷል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ አልክድም።

በእኔ በኩል ደግሞ ይህ አለ። የምንተኛበትን፣ የምንነሣበትን፣ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ሁሉ ያውቃል። የሚያውቀውን ለማን እንደሚነግር እኔ አላውቅም። ከሩቅ ሆኖ መቁረጥም ይችላል ይባላል። ባለቤቴ ሊቆርጥ ሄዶ፣ ሕፃን ታቅፋ የወጣች ሴት አይቶ፣ መሰላሉን ተሸክሞ የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። ማሽን የማንን ፊት ያያል? ሦስተኛም ምክንያት አለኝ፤

እየጠራኝ ነው።

ረቡዕ

የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ። ወረፋው ረዘመ። ስመለስ ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኖ አገኘሁት። ድስቱ ከሰል መስሏል። እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ግራና ቀኝ አዛውሮ ተጫምቷል። «ሻይ ልጠጣ ብዬ…» አለኝ።

ባዶ ድስት ጥጄ የወጣሁት እኔ ነኝ። ስቸኩል እንዲህ ነው።

ቅዳሜ

ልጄ ድስቱን ከቁም ሣጥን ጀርባ አገኘችው። የት እንደምደብቅ ማሰብ ነበረብኝ። «እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» «ረሳሁት» አልኳት። በጥርጣሬ ዓይን አየችኝ። ባለፈው ሳምንት ቧንቧው ክፍት አድሮ ወለሉ ሲጥለቀለቅም እኔ ነኝ ብያት ነበር። የፍሪጁም በር።

ሰኞ

ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት እንደለበሰ መጣ። ተቆጥቶ ነው የመጣው። «እትዬ፣ እኔ ሌባ ነኝ?»

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጋሼ ጓሮዬ ገብተው ሳጥኑን ከፍተው 'ልጅቱን የት አደረስካት?' ይሉኛል። ገዢ ሞልቷል እኮ! የማን ልጅ? ሰዉ ምን ይበለኝ? ኋላ ነው የገባኝ። የኔ ቆጣሪ ተቀይሮ የለ? የሚዞር ነገር ሲያጡ ጊዜ 'አስረሃታል፣ መብራት እየሰረቅክ ነው' አሉኝ።»

ቀልዱን ነው አልኩት። ዳቦ ጋጋሪው «እንደዚያ ከሆነ ጥሩ» አለ። ሲሄድ ሁለት ትኩስ ዳቦ በሩ ላይ ትቶ ሄደ። ለምን እንደተወው አልገባኝም። አላዘዝኩትም።

ከዛሬ ጀምሮ የግቢውን በር እቆልፋለሁ። ሌባ በዝቷል ይላሉ።

ሐሙስ ማታ

ሻይ ላፈላ ወደ ኩሽና ስሄድ ልጄና ባሏ ሳሎን ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። ማድመጥ ነውር ነው። ነገር ግን ውኃው እስኪፈላ የት ልሂድ?

«እማዬ ልክ አይደለችም» ትለዋለች። «አንድ ነጥብ የማታልፍ ሴት! ድስት ታቃጥላለች፣ ቧንቧ ትረሳለች። ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። እሷ ከደከመች አባዬን ማን ያየዋል?»

«ማስመሪያ ትረሳለች?» አለ አማቼ። መካኒክ ነው፤ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ ግራሶ አለ። «በሠርጋችን መጥሪያ ላይ የሳትኩትን ፊደል እስከ ዛሬ የምታነሳብኝ? እኔ በበኩሌ አላምንም።»

ይህ ሰው አንዳንድ ጊዜ ያስባል።

መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ገብቼ የአሥራ ሰባትን የማባዣ ሠንጠረዥ ልወርድላቸው ቃጣኝ። ኋላ ትሪውን ይዤ ገባሁና ስኳር እንደረሳ ሰው ተመልሼ ሄድኩ። አልረሳሁም። የዝንጉነቱ ስም ይዋልብኝ፤ እኔ ላይ ከዋለ ምንም አይደለም።

ዓርብ

እንቅልፍ የለኝም። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ትዝ ይለኛል። መጨረሻው ላይ ነገር ይምታታበት ነበር። ልጆቹ «ለራሱ ደኅንነት» ብለው መጦሪያ አስገቡት። ንጹሕ ቤት ነው፤ አበባ እንኳ አለው። ልንጠይቀው ስንሄድ ካፖርቱን ለብሶ በሩ አጠገብ ቆሞ እናገኘው ነበር፤ የሚወስደው ሰው እየጠበቀ። በዚያ ሁኔታ ብዙም አልቆየም። ከቀብሩ ስንመለስ ባለቤቴ በመንገድ ላይ እጄን ያዘና «የኔታ፣ እኔን እንዳትሰጪኝ» አለኝ። «አልሰጥህም» አልኩት። ያን ጊዜ ምንም አልነበረውም።

አሁንም ምንም የለውም።

ማክሰኞ

ቆጣሪ ቀያሪዋ ከአለቃዋ ጋር መጣች። ማዘግየት አብቅቷል። በሰፈሩ የቀረነው እኛ ብቻ ነን። ልጄም ፈቃድ ወስዳ መጥታ ስልኳን ይዛ ቆማለች።

እሱ ወንበር አውጥቶ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። ሴትዮዋ ዋናውን ስትዘጋው ብረቷ ቀስ አለች፤ ቀስ አለች፤ ቆመች። ብድግ አለ።

«ልጅቱ ቆመች።»

«አባቴ፣ አዲሱ ይኸውልዎ» አለችው። ነጭ ሳጥን፤ ፊቱ ላይ ብልጭ የምትል ቀይ ነጥብ።

«እሷስ የት አለች?»

«እዚህ ውስጥ ነው አሁን ሁሉም ነገር። አይታይም እንጂ ይሠራል።»

«ካልታየ መብራት መኖሩን በምን አውቃለሁ?»

ጥያቄው የሞኝ አይደለም። አሮጌውን ቆጣሪ በጆንያ ጠቅልለው መኪና ላይ ጫኑት። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኑ ሸኘው። ልጄ «አባዬ ሥራውን እንዴት ይወድ ነበር!» አለች።

ሐሙስ

አይቀመጥም። ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ ይሞክራል። ያበራል፣ ያጠፋል፣ ያበራል። «ቆርጠውናል» ይለኛል። አምፖሉ ይኸው አልኩት። «አምፖል ይዋሻል፤ ልጅቱ ናት የማትዋሽ።» ቁርስ አልበላም። ትናንትም አልበላም። ደክሞኛል። ልጄ ደውላ «እማዬ፣ ቤታችሁ ተራራ በተራራ ሆኗል፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ። ጨርቅ እየተኮስኩ ነው አልኳት። ከዚያ ደግሞ እውነት እንዲሆን ብዬ ሙሉ ቀን ስተኩስ ዋልኩ።

እሑድ

ነገ ሐኪም ጋ ትወስደኛለች። የማስታወስ ምርመራ። «አባትሽስ ከማን ጋር ይሆናል?» ብላት «አባዬ ጤነኛ ነው፣ ለአንድ ጠዋት ምን ይሆናል?» አለች። አማቼን ይቀመጥ እንዳልል ሥራ አለው፤ ምክንያቱንም ይጠይቀኛል። የምድጃውን ፊውዝ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የግቢውንም በር እቆልፋለሁ። ሁሉን አስቤያለሁ።

ሰኞ ማታ

ዛሬ ጽሕፈቴ አያምርም።

ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው። ከመቶ እየቀነሱ ሰባት ሰባት ይውረዱ አለኝ። ወረድኩ። በቃ ሲለኝ ከዜሮ በታችም ልቀጥል ወይ አልኩት። ቀኑን፣ ወሩን፣ የነገረኝን አምስት ቃላት ሁሉ መለስኩለት። ከአምስቱ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ለፈተና አይመቹም ብዬም ነገርኩት። ልጄ እንድታምነኝ ብዬ አንዱን ልሳሳት አስቤ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።

ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለች ስልኳ ተንቀጠቀጠ። አየችው። እኔን አየችኝ።

«እማዬ፣ ቤት ማን አለ?»

«አባትሽ።»

«ምድጃው በርቷል።»

«እኔ ነኝ። ትቼው ወጥቼ ነው።»

«እማዬ!» ድምፅዋ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። «የበራው አሁን ነው። አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ!»

ፊውዙ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እጄን ከትቼ ነካሁት። ከሱ ጋር የግቢውን ቁልፍ ነካሁት። ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። ከእሳት ጋር ቆልፌበት መጥቻለሁ።

ለዳቦ ጋጋሪው ደወልን። በአጥር ዘሎ ገባ። እኛ ስንደርስ የኩሽናው መጋረጃ ግማሹ ጠቁሮ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ውኃ የደፋበት የሊጥ ባልዲ መሐል ቤት ቆሟል። ዳቦ ጋጋሪው ክንዱ በአጥሩ ብረት ተጭሮ እየደማ «ጋሼ ደኅና ናቸው፣ ደኅና ናቸው» ይላል። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቅንድቡ ተለብልቧል። ፊውዙ በነበረበት ቦታ የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ አያይዟል፤ በጥንቃቄ፣ ልቅም አድርጎ። ስሜ ለጠፋበት ሰው ሽቦ መጠምዘዝ ከጣቱ አልጠፋም።

«ምን ልታደርግ ነው አባዬ?» አለችው ልጄ ተንበርክካ።

«መብራት መኖሩን ላይ ነዋ። ልጅቱ የለችም። ምድጃ ግን ይግላል።» ከዚያ ፊቷን አየና በጨዋ ደንብ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አላት።

በዚህ ጊዜ ቀልድ ነው አላልኩም።

ማክሰኞ

ልጄ እዚሁ አደረች። በረንዳ ላይ ተቀመጥን። እስክትቆጣኝ ጠበቅኩ፤ አልተቆጣችም። ያ ነው የከበደኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአምናው ክረምት።»

«ድስቱ?»

«እሱ ነው።»

«ቧንቧው? ፍሪጁ?»

«እሱ ነው።»

«እኔ እኮ አንቺን ነበር የማስመረምረው!» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተቀየረ። «ለምን እማዬ?»

«ቃል ሰጥቼው ነው።» የአጎቷን ነገር፣ በሩ አጠገብ ካፖርት ለብሶ መቆሙን አስታወስኳት።

«እኔ አሳልፌ የምሰጠው ይመስልሻል?»

ይመስለኝ ነበር። ይህን አልነገርኳትም። ሳልነግራትም ገባት፤ ፊቷን ወደ ነጩ ሳጥን አዞረች። ሳጥኑ ቀይ ነጥቡን ብልጭ ያደርጋል። ነገር አሳባቂ ብዬ ጠልቼው ነበር። ትናንት ዝም ብሎ ቢሆን ዛሬ መበለት ነበርኩ። ደግሞ እሱ ባይመጣ፣ ብረቷ ባትሄድ፣ ሰውዬው ምድጃ ባልነካ ነበር። ሁለቱም ልክ ነው። ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ ድሮም አልወድም።

ዓርብ

የተስማማነው ይህ ነው። ለጊዜው ከዚህ ቤት አይወጣም። «ለጊዜው» የሚለው ቃል የልጄ ነው፤ አልተከራከርኩም። ምድጃው ተነቅሎ ሄዷል፤ ምሳ ከልጄ ቤት ይመጣል። ጠዋት ጠዋት የዳቦ ጋጋሪው እኅት ትቀመጣለች። የግቢው በር ከእንግዲህ አይቆለፍበትም፤ ሰፈሩ ሁሉ ተነግሮታል። ዓመት ሙሉ የደበቅኩትን አሁን ልብስ ሰፊዋ ሳይቀር ታውቃለች። «እትዬ፣ ለምን ብቻዎን?» ትለኛለች።

እሱ ግን አሁንም ቁርስ አይበላም። ነጩ ሳጥን ሥር ይቆማል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል።

እሑድ

አማቼ ጠዋት ገና ሳንነሣ መጣ። በክንዱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል። ከአሮጌ ብረታ ብረት ነጋዴዎች ዘንድ ሲፈልግ ሰንብቶ ያገኘው ቆጣሪ ነው፤ የድሮው፣ ባለ መስተዋቱ። ጥጉ ተሰንጥቋል። በረንዳው ላይ ሰቅሎ ለበረንዳው አምፖል ብቻ አያያዘው። «እማማ፣ ኃይሉ በነጩ አልፎ የሚመጣ ስለሆነ ሕግ አልጣስኩም፤ ጠይቄያለሁ» አለኝ፤ ሳልጠይቀው። አምፖሉን አበራው። ብረቷ ትንሽ አመነታችና መዞር ጀመረች።

ስለ መጥሪያው ፊደል ሁለተኛ አላነሳበትም።

ባለቤቴ ወጣ። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። ቆየ።

«ልጅቱ መጣች።»

«መጣች» አልኩት።

«ሰነፍ ሆናለች። ደክሟት ይሆናል፣ ሩቅ ሄዳ ነበር።» ከዚያ ድሮ ማታ ማታ ያደርግ እንደነበረው፣ ዓይኑን ከመስተዋቱ ሳያነሳ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። «የኔታ፣ ጻፊ።»

እርሳስ አመጣሁ። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ቁጥር አራት፣ አንድ፣ ሰባት፣ ዜሮ፣ ሁለት ነበር። ዓይኔ ደኅና ነው፤ የዓይን ሐኪሙም ብሏል።

«ሁለት» አለ። «ሁለት። ዘጠኝ። …ስድስት።» ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። «ዘጠኝ።»

እንዳለው ጻፍኩ።

«ልክ ነው?» አለኝ፤ እንደ ተማሪ እያየኝ።

«ልክ ነው» አልኩት።

ገብቶ ቁርሱን በላ።